የኪሳራ ማመልከቻ ጸሐፊው ወሰን እስከ የት ነው?

በአሜሪካ ሕግ ጠበቃ ያልሆነ አዘጋጅ መተየብ እንጂ መምከር አይችልም

በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ ራፖር ጸሐፊን ያውቃል። ባለጉዳዩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ብሶቱን ይዘረግፋል፤ ጸሐፊው ያዳምጣል፣ ጥቂት ይጠይቃል፣ ከዚያም ነገሩን በሕግ ቋንቋ አስተካክሎ በገጽ ሒሳብ ያወጣዋል። በመሐሉም «ይኼንን እንኳ ባያነሡት ይሻላል» ወይም «ካሳውን ከፍ አድርገው ይጠይቁ» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ምክር ለብቻው የተቆረጠ ዋጋ የለም፤ ከገጹ ዋጋ ጋር አብሮ ይመጣል።

በዩናይትድ ስቴትስም የዚህ ሥራ ዘመድ የሆነ ሙያ አለ። «ባንክራፕሲ ፒቲሽን ፕሪፔረር» ይባላል፤ በአማርኛ የኪሳራ ማመልከቻ አዘጋጅ ማለት ይቻላል። ዕዳ የበዛበት ሰው ለፌዴራሉ የኪሳራ ፍርድ ቤት የሚያቀርበውን ማመልከቻና ዝርዝር ቅጽ በክፍያ የሚሞላ፣ ነገር ግን የባለዕዳው ጠበቃም በዚያ ጠበቃ ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ሠራተኛም ያልሆነ ሰው ነው። ልዩነቱ ያለው ከገጹ ዋጋ ጋር አብሮ በሚመጣው በዚያ ትንሽ ምክር ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ አዘጋጁን ከገበያ አላስወጣውም፤ ምክሩን ግን ከሚሸጠው ዕቃ ለይቶ አውጥቶበታል።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ገበያ ሩቅ ይመስላል። ሆኖም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ወንድም፣ እኅት ወይም የንግድ ሸሪክ ያለው የመርካቶ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ገንዘብ ያበድራል፣ ይበደራል፣ ቤት በጋራ ይሠራል፣ አክሲዮን በአንዱ ስም ይገዛል። ያ ዘመድ አሜሪካ ውስጥ ኪሳራ ያስመዘገበ ዕለት የሚሞላው ቅጽ እዚህ ያለውን ሁሉ ይጠይቃል። ቅጹን የሚሞላለት ማን ነው፣ ምንስ ሊነግረው ይፈቀድለታል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ የሩቅ አገር ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ሁለቱ በሮች

የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ የኪሳራን ሥርዓት ያዘጋጀው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ይህን ክፍል በአዲስ መልክ ቢጽፈውም የደመወዝተኛ የቤትና የመኪና ዕዳ በዚህ ሕግ አይስተናገድም። በአሜሪካ ግን ታክሲ ነጂውም፣ ነርሷም፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውም ኪሳራ ማስመዝገብ ይችላሉ። (በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካን ጉዳይ በሚመለከት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለግለሰብ የተከፈቱት ዋና በሮች ሁለት ናቸው። ምዕራፍ 7 በሚባለው ባለዕዳው ሕግ ከነካው ውጪ ያለውን ንብረቱን ለትረስቲ፣ ማለትም ለጉዳዩ ለሚመደበው የንብረት ጠባቂ፣ ያስረክባል፤ በምትኩም ከአብዛኛው ዕዳ ነፃ ይወጣል። ነገሩ ብዙ ጊዜ በወራት ያልቃል። በምዕራፍ 13 ደግሞ ቋሚ ገቢ ያለው ሰው ንብረቱን እንደያዘ ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚዘልቅ የአከፋፈል ዕቅድ ዕዳውን ያቃልላል። በሁለቱም በኩል ማመልከቻው መዝገብ ቤት እንደገባ አበዳሪዎች እጃቸውን እንዲሰበስቡ የሚያደርግ እገዳ ወዲያውኑ ይጸናል። ሐራጅ ይቆማል፣ ደመወዝ መቁረጥ ይቆማል፣ የዕዳ ሰብሳቢ ስልክም ይቆማል። ይህ እገዳ ከአንድ ማመልከቻ ጋር አብሮ የሚገኝ በመሆኑ የማመልከቻ መሙላት ገበያው የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥበት ያለ ሰው ስለ ዋጋ ብዙ አይከራከርም።

የ1994ቱ ሕግ

ከ1994 በፊት በአሜሪካ የኪሳራ ቅጽ የሚተይቡ ቢሮዎች በየከተማው ተስፋፍተው ነበር። ጠበቃ መግዛት ያልቻለውን፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማያነበውን፣ ከኪራይ ቤቱ ሊወጣ የተቃረበውን ሰው እየሳቡ ቅጽ ይሞሉለት፣ የሚሆነውንም ይነግሩት ነበር። ኮንግረሱ በዚያ ዓመት የኪሳራውን ሕግ ሲያሻሽል በሕጉ ውስጥ አንቀጽ 110 ገባ። መተየብ የተፈቀደ ሥራ ሆኖ ቀረ፤ ከመተየብ ያለፈው ተከለከለ። በ2005 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ክልከላውን አጠበቀው።

አዘጋጁ አንድም ቅጽ ከመንካቱ፣ አንድም ዶላር ከመቀበሉ በፊት ጠበቃ እንዳልሆነና የሕግ ምክር መስጠት እንደማይችል የሚገልጽ ማስታወቂያ ለባለዕዳው በጽሑፍ ሰጥቶ ያስፈርማል። ዛሬ ይህ ማስታወቂያ ቅጽ 119 ይባላል፤ ከማመልከቻው ጋር ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ባዘጋጀው ሰነድ ላይ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ይፈርማል፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩንም ያስቀምጣል። ለባለዕዳው ቅጂ ይሰጣል። በባለዕዳው ስም መፈረም አይችልም። በማስታወቂያው ላይ «ሊጋል» የሚለውን ቃል ወይም የሚመስለውን መጠቀም አይችልም። የዳኝነቱን ገንዘብ ከባለዕዳው ተቀብሎ ለፍርድ ቤት ማድረስም ተከልክሏል። ይህ የመጨረሻው ለአበሻ ግር ይላል፤ «እኔ አስገባልዎታለሁ፣ ገንዘቡን ስጡኝ» ማለት እኛ ዘንድ ደግነት ነውና። በአሜሪካ ግን ገንዘቡ መንገድ ላይ እየቀረ፣ ማመልከቻውም እየተዘጋ ስላስቸገረ ባለዕዳው ራሱ ይክፈል ተባለ።

ዋናው ክልከላ ከዚህ በኋላ ይመጣል። አዘጋጁ ለባለዕዳው ማመልከት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን መናገር አይችልም። ምዕራፍ 7 ይሻላል ወይስ 13 የሚለውን መናገር አይችልም። ዕዳው ይሰረዛል አይሰረዝም፣ ቤቱንና መኪናውን ያተርፋል አያተርፍም፣ የታክስ ዕዳው ይቀርለታል አይቀርለትም፣ የመኪናውን ብድር እንደገና ማጽናት ይጠቅመዋል አይጠቅመውም፣ ያለውን ንብረት ወይም ዕዳ በምን ዓይነት ስም መመዝገብ ይገባዋል፣ በሥርዓቱ ውስጥ ምን መብት አለው የሚሉትን ሁሉ መመለስ ክልክል ነው። ሕጉ እነዚህን አንድ በአንድ ዘርዝሯል፤ ዝርዝሩም ከእነዚህ ውጪ ያለው ምክር የተፈቀደ ነው ማለት አይደለም። የየክፍለ ግዛቱ ሕግም ጠበቃ ያልሆነን ሰው ጥብቅና እንዳይሠራ ይከለክላል፤ አንቀጽ 110 ያንን አልሻረም።

ይህን ዝርዝር ከባለዕዳው ወገን ሆኖ ለሚያነበው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው አዘጋጁ ቢሮ ሲደርስ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ከላይ የተዘረዘረው ነው እንጂ «የሚተይብልኝ አጣሁ» የሚል አይደለም። መግዛት የመጣውን ዕቃ ሕግ አስወጥቶታል፤ የቀረለት ያልመጣበት ዕቃ ነው።

ባዶ ቦታው ሲሞላ

«ቅጽ መሙላት ብቻ» የሚለው አነጋገር በኪሳራ ጉዳይ እምብዛም አይሠራም። ቅጹ ስምና አድራሻ ብቻ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ ጸሐፊና መካሪ በቀላሉ ይለያዩ ነበር። በኪሳራ ቅጽ ግን ብዙው ባዶ ቦታ የሕግ ምርጫ ነው።

ከሕግ ነፃ የሆነ ንብረት የሚመዘገብበትን ቅጽ እንውሰድ። ባለዕዳው የትኛውን ንብረቱን ከትረስቲው እጅ እንደሚያስቀር እዚያ ይጽፋል፤ የሚተማመንበትንም የሕግ ቁጥር ያስቀምጣል። የዲሲ ነዋሪ ከፌዴራሉና ከከተማው ዝርዝር አንዱን የመምረጥ መብት አለው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን የፌዴራሉን ዝርዝር ለነዋሪዎቻቸው ዘግተዋል። በዚያ ላይ የትኛው ክፍለ ግዛት ሕግ ይሠራል የሚለው የሚወሰነው ዛሬ በሚኖርበት አድራሻ ብቻ አይደለም፤ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 730 ቀናት የት ይኖር እንደነበረ ይታያል። ባለፈው ዓመት ከዲሲ ወደ አሌክሳንድሪያ ኪራይ ቀንሶለት የተዛወረ ሰው እንግዲህ የቨርጂኒያን ሕግ ይጽፋል ወይስ የዲሲን? አዘጋጁ ዝም ካለ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ንብረቱም ይጋለጣል። ከጻፈለት ደግሞ የሕግ ምክር ሰጥቷል። የአሜሪካ የኪሳራ ፍርድ ቤቶች ከሐራጅ ነፃ የሚሆነውን ንብረት ለባለዕዳው መርጦ መሙላት የሕግ ምክር ነው ሲሉ በተደጋጋሚ ወስነዋል።

ሌላው ቅጽ ንብረትን ይጠይቃል። በአሜሪካ ሕግ የኪሳራው ንብረት የትም አገር ያለውንና በማንም እጅ የተያዘውን ይጨምራል። ስለዚህ በሰሚት ያለው ኮንዶሚኒየም፣ በአዲስ አበባ ባንክ ያለው አክሲዮን፣ ለቤት መሥሪያ የተከፈለው ቀብድ፣ በእናት ስም የተመዘገበ ቢሆንም ገንዘቡ የባለዕዳው የሆነው መሬት ሁሉ መጻፍ ወይም ቢያንስ መገለጽ አለበት። ዕቁብ የሚጥል ሰው ገና ያልደረሰው ዕጣ እንደ ንብረት፣ ቀድሞ ወስዶ የሚከፍለው ቀሪ ደግሞ እንደ ዕዳ ይታያል። ይህን በየትኛው መስመር፣ በምን ስም እንደሚጽፉት መወሰን ሕጉ በስም ጠቅሶ ከከለከላቸው ምክሮች አንዱ ነው።

«አገር ቤት ያለውን ማን ያያል?» የሚለው ምክር ከሁሉም የከፋው ነው። ምክሩን የሰጠው ሰው ሊከሰስ ይችላል፤ የሰማው ግን አብሮ ይወድቃል። ማመልከቻው በሐሰት መስክሮ መገኘት በሚያስከትለው ቅጣት ሥር የሚፈረም ነው። ንብረት የደበቀ ባለዕዳ ከዕዳ ነፃ መውጣቱን ሊያጣ ይችላል፤ ዕዳው በሙሉ እንዳለ ይቀርና ንብረቱ ግን ከትረስቲው እጅ አይመለስም። አውቆ መደበቅ እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያደርስ የፌዴራል ወንጀልም ነው። «የሞላልኝ ሰውዬ ነው» የሚለው መልስ ጥቂት ቢያቃልል እንጂ ፊርማውን አያነሣም።

ከዚያ የገንዘብ እንቅስቃሴ የሚጠየቅበት ቅጽ ይመጣል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ የሰጠ ይገልጻል። በየወሩ ለእናቱ 100 ዶላር የሚልክ ሰው በሰባት ወር ከዚህ ያልፋል። ባለፈው አንድ ዓመት ለዘመድ የተከፈለ ዕዳም ይጠየቃል። ነገሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው፤ ዕዳ ያስጨነቀው ሰው መጀመሪያ የሚከፍለው ወንድሙን ነውና። ባህላችንም ይህንኑ ያዛል። የአሜሪካ ሕግ ግን አንዱን አበዳሪ ከሌላው አስበልጦ መክፈል ይለዋል። ትረስቲው ከማመልከቻው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለውን ገንዘብ ዘመዱን ከሶ መልሶ ሊያስከፍል፣ ለሁሉም አበዳሪዎች ሊያከፋፍል ይችላል። ጠበቃ ይህን አይቶ «ቀኑ እስኪያልፍ ይጠብቁ» ወይም «በሌላ መንገድ እንሂድ» ሊል ይችላል። አዘጋጁ አይቶ እንኳ ዝም ማለት አለበት።

የአንድ ምዕራፍ ዋጋ

ለምሳሌ ያህል በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ እናስብ፤ አቶ እገሌ እንበለው። የቤት ብድሩን ለስድስት ወር አልከፈለም፣ ባንኩ ለሐራጅ ቀን ቆርጧል። ገቢው ተመልሷል፣ ውዝፉን በአንድ ጊዜ የሚከፍልበት ግን የለውም። የክሬዲት ካርድ ዕዳ አለበት፤ ለመኪናው ብድር የአክስቱ ልጅ ዋስ ሆኖ ፈርሞለታል። በየዓመቱ ታክሱን ወደሚሠራለት ሰው ይሄዳል። ሰውየው አገሩ ልጅ ነው፣ ያከብረዋል። «ጋሼ፣ ሰባተኛው ይቀልዎታል፤ ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው» ይለዋል። ሞላለት፣ ገባ፣ ሐራጁ ቆመ። አቶ እገሌ ዕፎይ አለ።

ምዕራፍ 7 ግን ውዝፍ የቤት ብድርን የማስታመሚያ መንገድ የለውም። ባንኩ እገዳው እንዲነሣለት ለፍርድ ቤቱ ያመለክታል፤ ባያመለክትም ጉዳዩ ሲዘጋ እገዳው ያበቃል። ሐራጁ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ውዝፉን በዓመታት አከፋፍሎ ቤቱን ማዳን የሚቻለው በምዕራፍ 13 ነበር። ዋስ የሆነው የአክስት ልጅም በምዕራፍ 13 ለጊዜው ሊጠበቅ ሲችል በ7 ግን አበዳሪው በቀጥታ ወደ እርሱ ይዞራል። አቶ እገሌ ስሕተቱን በጊዜ ካወቀ ጉዳዩን ወደ 13 ለማዛወር መጠየቅ ይችላል፤ የሚነግረው ሰው ከሌለ ግን የሚያውቀው ሁለተኛው የሐራጅ ማስታወቂያ በሩ ላይ ሲለጠፍ ነው። ከምዕራፍ 7 በገዛ ፈቃድ ማመልከቻ አንሥቶ መውጣትም እንደ መግባቱ ቀላል አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት ይጠይቃል። አንዴ በዚህ ምዕራፍ ነፃ የወጣም በ8 ዓመት ውስጥ ባመለከተው ሌላ ምዕራፍ 7 ነፃ መውጣት አያገኝም።

የታክስ ሠራተኛው ያጠፋው በእርግጥ በክፋት ላይሆን ይችላል። ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ግን የሕጉን ዝርዝር ሁለተኛ ነጥብ የሚነካ ከመሆኑም በላይ የአንድ ቤት ዋጋ ያለው ነው።

በገበያው ውስጥ ከዚህ የከፋም አለ። «ቤትዎን ከሐራጅ አድናለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ በስሙ ኪሳራ የሚያስገባ፣ ገጾቹን ሳያሟላ እገዳውን ብቻ ገዝቶ የሚሰወር አለ። እንዲህ ያለው ማመልከቻ በሳምንታት ውስጥ ይዘጋል፤ በባለቤቱ መዝገብ ላይ ግን ኪሳራ ያስገባ ተብሎ ይቀመጣል፣ እውነተኛውን ማመልከቻ ለማስገባት ሲመጣም እንቅፋት ሊሆንበት ይችላል። የ2005ቱ ማሻሻያ ቅጣቱን በሦስት እጥፍ ከፍ ካደረገባቸው ጥፋቶች አንዱ ባለዕዳው ኪሳራ እየገባ መሆኑን ሳይነግሩት ማስገባት ነው። ሌሎቹ ንብረት ወይም ገቢ እንዲደብቅ መምከር፣ በሐሰተኛ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር እንዲጠቀም መምከርና አዘጋጁ ማንነቱን ሰውሮ ሰነድ ማዘጋጀት ናቸው።

ዋጋውና ቅጣቱ

ሕጉ ስለ ዋጋም ይናገራል። አዘጋጁ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ከባለዕዳው የተቀበለውን ሁሉ በመሐላ ያሳውቃል። ፍርድ ቤቱ ከአገልግሎቱ ዋጋ በላይ ሆኖ ያገኘውን ያስመልሳል፤ ክልከላ ከጣሰም ሙሉውን ሊያስመልስ ይችላል። አገልግሎቱ መተየብ ብቻ ስለሆነ የሚመዘነውም በታይፒስት ዋጋ ነው። ሎስ አንጀለስን በሚያካትተው የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ዲስትሪክት 200 ዶላር ጣሪያ ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል።

ጥፋት ሲገኝ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 500 ዶላር ቅጣት አለ። ባለዕዳው የደረሰበትን ጉዳት፣ በተጨማሪም 2,000 ዶላር ወይም የከፈለውን እጥፍ፣ ከሁለቱ የበለጠውን፣ እንዲሁም የጠበቃ ወጪ ያገኛል። ለባለዕዳው ሲል አቤቱታውን ያቀረበው ትረስቲው ወይም አንድ አበዳሪ ከሆነ ለእርሱ ደግሞ ተጨማሪ 1,000 ዶላር ይፈረድለታል። ሕግ አውጪው ለዚህ ዋጋ መቁረጡ ብልሃት ነው፤ የተጎዳው ሰው ራሱ ለመክሰስ አቅም እንደማይኖረው አስቀድሞ አይቷል። ፍርድ ቤቱ አዘጋጁን ከሥራው ሙሉ በሙሉ ሊያግድም ይችላል። ሥራውን በዋናነት የሚከታተለው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የዩናይትድ ስቴትስ ትረስቲ መሥሪያ ቤት ነው፤ በአላባማና በሰሜን ካሮላይና ብቻ ሌላ አስተዳዳሪ አለ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥፋት ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ነው። ቤቱ የተሸጠበት ሰው 2,000 ዶላር ቢፈረድለትም ቤቱ አይመለስም፤ ቅጣት የተወሰነበት አዘጋጅም ቢሮውን ዘግቶ ሌላ ስም መያዙ አዲስ ነገር አይደለም። ሕጉ ጥሩውን አዘጋጅ በዝቅተኛ ዋጋ ያስራል፤ መጥፎው ግን ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ስሙን ከሰነዱ ላይ ያስቀራል። ባለዕዳው ለብቻው ያመለከተ ይመስላል። በፍርድ ቤቶች «የተሰወረ አዘጋጅ» የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ገበያ ለምን አይጠፋም ለሚለው መልሱ በጠበቃው ዋጋ ላይ ይገኛል። ለምዕራፍ 7 ጠበቃ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል፣ አስቀድሞ ይቀበላል፤ ከማመልከቻው በፊት ያልተከፈለው ሒሳብ እንደ ሌላው ዕዳ አብሮ ሊሰረዝበት ስለሚችል ነው። በላዩ ላይ የፍርድ ቤቱ ክፍያ አለ፤ ለምዕራፍ 7 በ2020 መጨረሻ 338 ዶላር ሆኗል። የከሰረ ሰው አስቀድሞ ከፍሎ ክስረቱን እንዲያስመዘግብ መጠየቅ የሥርዓቱ ትልቁ ቀዳዳ ነው፤ አዘጋጁ የሚገባውም በዚያ ቀዳዳ ነው።

ኮምፒዩተሩም አዘጋጅ ተባለ

ኢንተርኔት ሲመጣ አዲስ መንገድ ተሞከረ። ሰው ካልመከረ፣ ፕሮግራሙ ቢመርጥስ? ፍራንክፈርት ዲጂታል ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት ባለዕዳው ለጥያቄዎች መልስ ሲሰጥ ቅጹን ራሱ የሚሞላ ፕሮግራም በ219 ዶላር ይሸጥ ነበር። ፕሮግራሙ መልሱ በየትኛው ቅጽ እንደሚገባና የትኛው ንብረት በየትኛው ሕግ ነፃ እንደሚሆን ይመርጥ ነበር። ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2007 ይህ አዘጋጅነት ነው፣ ከዚያም አልፎ ያለ ፈቃድ ጥብቅና መሥራት ነው ሲል ወሰነ። የፍርዱ መሠረት ከላይ የተባለው ነው፤ ለሰው ቦታውን መምረጥ ምክር ነው፣ የመረጠው ጣት ይሁን ፕሮግራም ልዩነት የለውም።

በሕጉ ትርጉም አዘጋጅ የሚባለው በክፍያ የሚሠራው ብቻ መሆኑ ሌላ በር ከፍቷል። በ2016 በኒውዮርክ የተቋቋመው አፕሶልቭ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ቀላል የምዕራፍ 7 ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ቅጻቸውን ራሳቸው እንዲያዘጋጁ የሚረዳ ፕሮግራም በነፃ ያቀርባል። ይኸው ድርጅት ከኪሳራ ውጪ ባለ የዕዳ ክስ ጠበቃ ያልሆኑ ሰዎች ቢመክሩ እንዳይከሰሱ ጠይቆ በ2022 ለጊዜው ተፈቅዶለት ነበር፤ በ2025 የይግባኙ ፍርድ ቤት ያንን ትእዛዝ ሽሮ ጉዳዩን እንደገና እንዲታይ መልሶታል። ክርክሩ ገና ነው።

የንግድ ማኅበር ያለው ሰው

ለነጋዴ አንባቢ አንድ ነጥብ ለብቻው መነሣት አለበት። ምግብ ቤቱን ወይም የጭነት መኪናውን በኤልኤልሲ ወይም በኮርፖሬሽን ስም ያቋቋመ ሰው ለማኅበሩ ኪሳራ በአዘጋጅ ማስገባት አይችልም። በፌዴራል ፍርድ ቤት ማኅበር ያለ ጠበቃ አይቆምም፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1993 ውሳኔም ይህን አረጋግጧል። ብቻውን መቆም የሚችለው የተፈጥሮ ሰው ነው። በአዘጋጅ የተተየበ የኤልኤልሲ ማመልከቻ ይዘጋል፤ እስኪዘጋ ባሉት ቀናት የጠፋው ገንዘብና የሐራጅ ቀን ግን አይመለስም።

ከዚህ ማዶ ያለ አበዳሪም የራሱ ጉዳይ አለው። ቨርጂኒያ ካለ ሸሪኩ ገንዘብ የሚፈልግ የአዲስ አበባ አስመጪ አንድ ቀን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ በፖስታ ሊደርሰው ይችላል። በላዩ ላይ ያሉት ቀናት ቀልድ አይደሉም። ገንዘቡ በማታለል የተወሰደ ነው የሚል አበዳሪ ዕዳው እንዳይሰረዝ በምዕራፍ 7 ክስ ማቅረብ ያለበት ለአበዳሪዎች ስብሰባ ከተቆረጠው የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ስሙ በቅጹ ላይ ተዛብቶ ወይም አድራሻው ተረስቶ ማስታወቂያው ያልደረሰው እንደሆነ ደግሞ ሌላ ክርክር ይከተላል፤ ያ መስመር እንዴት ተሞላ የሚለውም ይጠየቃል።

ባለዕዳው ራሱ የሚጠየቅበት ቦታ ይኸው የአበዳሪዎች ስብሰባ ነው። ዳኛ አይቀመጥበትም፤ ትረስቲው መሐላ አስምሎ ይጠይቃል። ያለ ጠበቃ የመጣን ሰው ማመልከቻውን ማን እንዳዘጋጀለት፣ ስንት እንደከፈለ፣ ምን እንደተባለ ይጠይቀዋል። እንግሊዝኛ ለማይበቃው የትረስቲው መሥሪያ ቤት በስልክ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ገቢው ከድህነት ወለል አንድ ከግማሽ እጥፍ በታች የሆነ ሰው የምዕራፍ 7 ክፍያ እንዲቀርለት፣ ሌላውም ከፋፍሎ እንዲከፍል ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። ከማመልከቻው በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ከተፈቀደለት ድርጅት የብድር ምክር መውሰድ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ያንን የምስክር ወረቀት ሳይይዝ የገባ ማመልከቻ፣ ማንም ቢተይበው፣ የመዘጋት ዕጣ ይጠብቀዋል።